በካርታ ጨዋታ ውስጥ የተሰወረ ብልሃት

ጨዋታ ሲባል ብዙ ሰው የጊዜ ማባከኛ ብቻ ይመስለዋል። እኔም «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለውን የካርታ ጨዋታ ስጀምር እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ደጋግሜ ከተሸነፍሁ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ብመረምረው የሒሳብ ትምህርት ተሰውሮበት አገኘሁ።

ይህን ጨዋታ የፈለሰፈው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ነው፤ ታትሞ የወጣውም በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ተጫዋቾች እንደ አስማተኞች ተቈጥረው፥ እያንዳንዳቸው 20 የሕይወት ነጥብ ይዘው ይጋጠማሉ፤ ነጥቡ ያለቀበት ይሸነፋል። ተጫዋቹ ቢያንስ 60 ካርታ ራሱ መርጦ ይመጣል። ካርታዎቹም በአምስት ቀለም የተከፈሉ ናቸው፤ እነርሱም ነጭ፥ ሰማያዊ፥ ጥቁር፥ ቀይና አረንጓዴ ናቸው።

«እንግዲያስ ከየቀለሙ ብርቱ ብርቱውን መልቀም ነዋ!» ይል ይሆናል አንባቢ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ከቀይ ዘንዶውን፥ ከነጭ መልአኩን፥ ከሌሎቹም የሚያስፈሩትን ሰበሰብሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን አነስተኛ የሆኑ አረንጓዴ አውሬዎችን ብቻ ይዞ ረታኝ። ጥፋቱን በካርታዎቼ ማነስ አላክኬ፥ አባቴን ሌላ ግዛልኝ ብዬ ልለምን ተነሥቼ ነበር።

ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ካርታ ለማውጣት ኃይል ይከፈላል፤ ኃይሉም የሚገኘው «መሬት» ከሚባሉት ካርታዎች ነው። ሜዳ ለነጭ፥ ደሴት ለሰማያዊ፥ ረግረግ ለጥቁር፥ ተራራ ለቀይ፥ ዱር ለአረንጓዴ ያገለግላል። ተጫዋቹ ተራው በደረሰ ቍጥር ከአንድ መሬት በላይ ማውረድ አይችልም።

ከ60ው ካርታ 24ቱ መሬት ናቸው እንበል። መጀመሪያ የሚያዘው 7 ካርታ ነው። 7 በ24 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 2.8 ይሆናል፤ ይህም በአማካይ ወደ 3 የሚጠጋ መሬት ነው። የወንድሜ መሬት ሁሉ ዱር ስለ ነበረ አንዱም አይባክንበትም። የእኔ 24 ግን ለአምስት ሲካፈል ለአንዱ ቀለም 5 እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ 7 ካርታዎች መካከል የምጠብቀው ተራራ ከ0.6 ያነሰ ነው። ዘንዶዬ ደግሞ 6 ኃይል ይጠይቃል፤ ከእነዚህም ሁለቱ የግድ ቀይ መሆን አለባቸው። እንግዲህ ዘንዶው በእጄ እንዳለ ብሸነፍ ምን ያስደንቃል?

የፈልሳፊው ብልሃት ይህ ነው። ቀለም አትቀላቅል የሚል ሕግ አላወጣም፤ መቀላቀልን ግን ውድ አደረገው። ደግሞም በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ ለሁለቱም ወገን ስለሚታይ፥ አሸናፊው ብዙ ጊዜ አርቆ የቈጠረው ነው። እዚህ ግን መሬት በዕድል ስለሚመጣ ዐዋቂም አንዳንዴ ይሸነፋል፤ ጀማሪውም ተስፋ አይቈርጥም።

አባቴን ሳልለምን ቀረሁ። በነበሩኝ ካርታዎች ሁለት ቀለም ብቻ መረጥሁ፤ 12 መሬት ለአንዱ፥ 12 ለሌላው መደብሁ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን አንዳንዴ እረታዋለሁ። «እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼው ነበር፤ ትርጕሙን በቍጥር ያስተዋልሁት ግን በዚህ ጨዋታ ነው።