ምናባዊ ገንዘብ እንዴት ይሠራል?

ምንነቱ

ምናባዊ ገንዘብ ወረቀትም ሳንቲምም የሌለው፣ ማዕከላዊ ባንክ ያላወጣውና በኮምፒውተር መዝገብ ላይ ብቻ የሚኖር መገበያያ ነው። በቴሌብር የሚላክ ብር ከዚህ አይቆጠርም፤ በስልክ የሚታየው ሒሳብ ብሔራዊ ባንክ ያወጣው ያው ብር ነውና ወኪል ዘንድ በጥሬ ገንዘብ ይመነዘራል። ሁለቱ በየጊዜው ስለሚምታቱ ልዩነቱን አስቀድሞ መለየት ይበጃል።

ከሁሉ የታወቀው ቢትኮይን ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የወጣ ጽሑፍ በ2008 እ.ኤ.አ. አሠራሩን አስተዋወቀ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሥራ ጀመረ።

መዝገቡን የሚይዘው

የዕቁብ ሒሳብ በጸሐፊው ደብተር ላይ ይሰፍራል። ቢትኮይን ግን እያንዳንዱ አባል የደብተሩን ሙሉ ቅጂ የያዘበትን ዕቁብ ይመስላል። ይህ የጋራ መዝገብ ብሎክቼን (የተሰናሰሉ የሒሳብ ገጾች) ይባላል። ክፍያ ሲላክ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮች ላኪው ገንዘቡ እንዳለውና አስቀድሞ ለሌላ እንዳልከፈለው ያጣራሉ። በ10 ደቂቃ ገደማ አንድ አዲስ ገጽ ይጨመራል። እያንዳንዱ ገጽ የቀዳሚውን አሻራ ስለሚይዝ፣ አንዱን ለመለወጥ የሚሞክር ተከታዮቹን ሁሉ እንደገና መሥራት ይኖርበታል። መተማመኛው ይኸው ነው።

ገጽ የሚጨምረው ከባድ ስሌት ቀድሞ የፈታ ነው፤ ሥራው ማይኒንግ (ቁፋሮ) ይባላል። ለፈታው በአዲስ ቢትኮይን የሚሰጠው ሽልማት በመጀመሪያ 50 ነበር፤ በአራት ዓመት ገደማ አንዴ እየተጋመሰ በ2024 ወደ 3.125 ወርዷል። ጠቅላላው መጠን ከ21 ሚሊዮን አያልፍም። ስሌቱ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጅ ማሽኖቹ ርካሽ ኃይል ወዳለባቸው አገሮች ይሄዳሉ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት።

በዕለት ተዕለት ግብይት

በ2010 ፍሎሪዳ ውስጥ ሁለት ፒዛ በ10,000 ቢትኮይን ተገዛ። ዋጋው ከዚያ ወዲህ እጅግ ስለናረ ዛሬ በዚያ መጠን ፒዛ የሚገዛ የለም፤ በቢትኮይን የመገበያየት ችግርም ከዚህ የዋጋ መለዋወጥ ይመነጫል። ዋጋው ይወጣል ተብሎ የሚጠበቅን ገንዘብ ባለቤቱ ማውጣት አይወድም፤ ይወርዳል ተብሎ የሚፈራውን ደግሞ ነጋዴ መቀበል አይወድም። ኤል ሳልቫዶር በ2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ መክፈያ ብታደርግም፣ በ2025 የነጋዴዎችን የመቀበል ግዴታ አንሥታለች።

ስለዚህ ድንበር ተሻግሮ ገንዘብ ለመላክ ብዙዎች ስቴብልኮይን (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ምናባዊ ገንዘብ) ይመርጣሉ። ይህ ግን እምነቱን ከጋራው መዝገብ ወደ አውጪው ኩባንያ ይመልሰዋል፤ ኩባንያው በቂ መጠባበቂያ ከሌለው የዶላር ማሰሪያው ይላላል።

ምናባዊ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው በምስጢር ቁልፍ (ረጅም የይለፍ ቁጥር) ነው። ቁልፉን ራሱ የያዘ ሰው ቢጠፋበት ገንዘቡ መዝገቡ ላይ እየታየ ማንም ሊያንቀሳቅሰው አይችልም፤ አዲስ ቁልፍ የሚሰጥ ባንክ የለም። በስህተት የተላከውም የሚመለሰው ተቀባዩ ከፈቀደ ብቻ ነው።