ቀፎ ለመስቀል ዛፍ ከመውጣታችሁ በፊት ገመዳችሁን ፈትሹ
ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለአካባቢው ንብ አናቢዎችና ፍራፍሬ አምራቾች የቀረበ ምክር

አደይና መጭ ማበብ ሲጀምሩ ንቡ ይከፈላል፤ አናቢውም ባዶ ቀፎውን አጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። መሬቱ ገና አልደረቀም፣ የዛፉ ቅርፊትም ያዳልጣል። ዓመቱን ሙሉ ጎተራ ሥር ተጠቅልሎ የከረመው ገመድም የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሰው ሲወድቅ ዛፉ ወይም ንቡ ይወቀሳል፤ እኛ ግን አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ገመዱ ነው።

ገመዱን በቀን ብርሃን ዘርግታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳብሱት፤ ፈተሉንም እያላላችሁ ውስጡን እዩ። የሳሳ፣ የጎፈረ፣ አይጥ የነካው ወይም ቀልጦ የደደረ ቦታ ካገኛችሁ ሰው አይንጠልጠልበት። ቆራርጡትና ጥጃ እሰሩበት፤ ሙሉውን ካስቀመጣችሁት በሚቀጥለው ዓመት አንዱ አንስቶ መውጣቱ አይቀርም።

የቃጫ ገመድ እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ናይሎኑን ፀሐይ ያደክመዋል። ሁለቱንም ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርቃችሁ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ከፀረ አረም መርጫና ከባትሪ አርቁ፤ የባትሪ አሲድ የነካው ናይሎን መልኩ ሳይለወጥ ጉልበቱን ያጣል። ጠፍርና መጫኛ ከእሳት ዳር አይድረቁ፤ ይሰነጠቃሉ። በጥላ ካደረቃችሁ በኋላ ሞራ ቀቧቸው።

ቋጠሮ የገመድን ጉልበት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የተበጠሰ ገመድ ቀጥላችሁ አትውጡ። እህል ሲጫንበት ወይም ግንድ ሲጎተትበት የኖረም ለሰው አይሆንም።

ዛፉ ላይ ሁለት ማሰሪያ ያዙ። ቅርንጫፍ ለማለፍ አንዱን ከመፍታታችሁ በፊት ሁለተኛውን ከቅርንጫፉ በላይ እሰሩ። ጊዜ ይወስዳል፣ ያሰለቻልም፤ ሆኖም ያለ ማሰሪያ የምትቀሩባት ቅጽበት አትኖርም። ማሰሪያው ወገብን ብቻ ሳይሆን ጭንንም ይያዝ፤ ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ሰው ድንገት ቢንጠለጠል ሆድ ዕቃውና አከርካሪው ይጎዳል። ቀፎው የሚወጣውና የሚወርደው በራሱ ገመድ ይሁን። ማርና ጭቃ የተሸከመ ቀፎ እየወረደ ሳለ ከሥሩ ማንም አይቁም።

ማር ማታ የሚቆረጥ ከሆነ ለጢሱ ተጠንቀቁ። ናይሎን ፍም ሲነካው ይቀልጣል፤ ከማጨሻው የሚወድቅ አንድ ፍንጣሪ የታሰራችሁበትን ገመድ ሊያሳሳ ይችላል። ማጨሻው ክዳን ያለው ይሁን፤ ለብርሃን ችቦ ሳይሆን የእጅ ባትሪ ወይም የግንባር መብራት ተጠቀሙ።

ለማንጎና ለአቮካዶ ምክራችን አጭር ነው፦ ከተቻለ አትውጡ። የአቮካዶ ቅርንጫፍ ለምለም መስሎ ሳለ ድንገት ይሰበራል። ጫፉ ላይ ከረጢት የታሰረበት ረጅም ቀርከሃ ፍሬውን ሳያቆስል ያወርዳል። መሰላል ግድ ከሆነ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደገፍ እግሩ ከግንዱ 1 ሜትር ያህል ይራቅ፤ አንድ ሰውም ይያዘው። የመብራት ሽቦ አጠገብ ካለ ዛፍ ግን ቀርከሃም መሰላልም አታቅርቡ፤ እርጥብ ቀርከሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ብቻችሁን አትውጡ። ከሥር የሚጠብቀው ሰው የሚደርስበት ትርፍ ገመድ ይኑር። ማሰሪያው ላይ ራሱን ስቶ የተንጠለጠለን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ማውረድ ያስፈልጋል፤ እንደተንጠለጠለ መቆየቱ ብቻ ሊገድለው ይችላል። ከወደቀ ደግሞ ለማስቀመጥ ወይም ለማቆም አትሞክሩ፤ አንገቱንና ወገቡን ሳታጥፉ በርከት ብላችሁ ሰፊ ሳንቃ ላይ አድርጋችሁ፣ አስራችሁ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።