የማያውቁት ቁጥር ሲደውል፦ ለአሜሪካ አዲስ ነዋሪዎች

አሜሪካ ገብተው ስልክ ባወጡ በሳምንቱ ጥሪው ይጀምራል። ቁጥሩን ገና ለዘመድ እንኳን በቅጡ ሳያዳርሱ “የመኪናዎ ዋስትና ሊያበቃ ነው” የሚል የተቀዳ ድምፅ ይሰማሉ፤ መኪና ግን የለዎትም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንዲት ሴት ደውላ የማያውቁትን ሰው ስም እየጠራች “አገናኙኝ” ትላለች። ስልክዎ ተጠልፎ አይደለም። እዚህ አገር የስልክ ኩባንያዎች ደንበኛ የተወውን ቁጥር ጥቂት ጊዜ አቆይተው ለሌላ ሰው ስለሚሰጡ፣ ዛሬ የእርስዎ የሆነው ቁጥር ከዚህ በፊት ሌላ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። የቀድሞው ሰው ዕዳ ካለበት፣ ዕዳ ሰብሳቢዎቹም አብረው ይመጣሉ። “እኔ እሱ አይደለሁም፣ ቁጥሩን ከመዝገባችሁ አውጡልኝ” ብለው ይዝጉ። “ለማረጋገጥ ያህል” ብለው ስምዎን፣ የትውልድ ቀንዎን ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን ቢጠይቁ ግን አይስጡ።

ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የጎረቤት፣ የባንክ ወይም የመሥሪያ ቤት ቁጥር ተላብሶ የሚመጣው ጥሪ ነው፤ ስፑፊንግ ይሉታል። በኢንተርኔት በኩል በሚሄድ ጥሪ ላይ የደዋዩን ቁጥር የሚሞላው የደዋዩ የራሱ ሲስተም ነው። ፖስታ ላይ የላኪ አድራሻ እንደመጻፍ ማለት ነው፤ ፖስተኛው ላኪው እውነት እዚያ ቤት ይኖር እንደሆነ አያጣራም። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው በ301 የሚጀምር፣ ቀጥለው ያሉት ሦስት አሃዞችም ከራሱ ቁጥር ጋር አንድ የሆኑ ጥሪ ሲያይ የልጁ ትምህርት ቤት የደወለ ይመስለዋል። ደዋዩ ግን ሌላ አህጉር ላይ ሊሆን ይችላል።

ለማጭበርበር ብሎ ቁጥር ማስመሰል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ከጁን 30፣ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ጥሪው በእርግጥ ከሚታየው ቁጥር መነሣቱን የሚያረጋግጥ “ስተር ሼክን” የተባለ አሠራር በኢንተርኔት በሚሄደው መስመራቸው ላይ እንዲዘረጉ ተገደዋል። አንዳንድ ስልኮች ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የምትታየው ትንሽ የ“ትክክል” ምልክት የዚህ ውጤት ናት። ይሁንና ምልክቷ የምትናገረው ስለ ቁጥሩ ብቻ ነው። ሌባው ራሱ በገንዘቡ የገዛው ቁጥር ከሆነ ምልክቷ ለእሱም ትወጣለታለች።

አሜሪካውያኑ በአጭሩ “የማታውቀውን ቁጥር አታንሳ” ይላሉ። ለእኛ ሰው ይህ ምክር የሚመች አይደለም። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የጠበቃውን ጥሪ ይጠብቃል፤ ሥራ ፈላጊው የኤጀንሲውን፣ ነፍሰ ጡሯ የክሊኒኩን አስተርጓሚ። ከአገር ቤት የሚደወለው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ በቀጥታ መስመር የተደወለ ጥሪ መንገድ ላይ ቁጥሩ ተለውጦ እንግዳ ሆኖ የሚገባበት ጊዜ አለ። ሌሊት በማይታወቅ ቁጥር ስልክ ሲጠራ “ምን ተፈጥሮ ይሆን?” ብሎ የማይነሣ የእኛ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። 251 የኢትዮጵያ መለያ ብቻ አይደለም፤ ሞቢልን ጨምሮ የደቡብ አላባማ አካባቢ ኮድም ነው። አሃዞቹን ይቁጠሩ፦ ከኢትዮጵያ የሚመጣው የመደመር ምልክት፣ 251 እና ከዚያ በኋላ 9 አሃዝ አለው፤ የሞባይል ከሆነ ከ251 ቀጥሎ 9 ወይም 7 ይመጣል። ከ251 በኋላ 7 አሃዝ ብቻ ካለ አላባማ ነው። በተመሳሳይ 876 የጃማይካ፣ 473 የግሬናዳ፣ 809 የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ኮድ ሲሆን፣ አጻጻፉ ግን ከአሜሪካ ውስጥ ቁጥር አይለይም። አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ እንዲህ ያለ ቁጥር ካዩ መልሰው አይደውሉ፤ የሚያስከፍለው እንደ ዓለም አቀፍ ጥሪ ነው፣ ሌቦቹም ከዚያው ይካፈላሉ። በእርግጥ የፈለገዎት ሰው መልእክት ይተዋል።

ኡበርና ሊፍት ለሚነዱ ወገኖች ነገሩ ይብሳል፤ ስልክ አላነሣም ማለት አይችሉምና። አካሄዱ እንዲህ ነው። ሌባው ተሳፋሪ መስሎ ራይድ ይጠራል። ሾፌሩ ተቀብሎ መንገድ ሲጀምር በአፑ በኩል ይደውላል። ኩባንያዎቹ የሾፌርና የተሳፋሪ ቁጥር እንዳይተዋወቅ ስለሚሸፍኑት፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የኩባንያው መስመር ነው። “ከሳፖርት ክፍል ነው የምደውለው። ይህን ራይድ ሰርዘነዋል፣ ዳር ይያዙ። ቦነስ ደርሶዎታል፤ አካውንትዎን ላረጋግጥ” ይላል፤ ስሙንና የመኪናውን ዓይነት አፑ ላይ ስለሚያይ እነሱንም ይጠራለታል። ከዚያ “አሁን በቴክስት የሚገባልዎትን ኮድ ያንብቡልኝ” ይለዋል። ኮዱ በእርግጥ ከኩባንያው የመጣ ነው። የመጣው ግን ሌባው በዚያው ሰዓት በሾፌሩ አካውንት ለመግባት እየሞከረ ስለሆነ ነው። ኮዱ ከተነበበለት የባንክ ካርዱን በራሱ ይለውጥና የሳምንቱን ገቢ እዚያው አውጥቶ ይሄዳል። ሾፌሩ ያን ሁሉ ሲያወራ መሪ ይዞ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ የለውም፣ ሌባውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በቴክስት የሚመጣ ኮድ ለማንም አይነበብም። ባንክም ቢሆን፣ ቴሌግራምም ቢሆን። የቴሌግራም ኮዱን አሳልፎ የሰጠ ሰው በማግስቱ በእሱ ስም ለጓደኞቹ ሁሉ “ቸግሮኛልና ትንሽ ብር ላክልኝ” የሚል መልእክት በጥሩ አማርኛ ሲበተን ያያል።

መንግሥት ነኝ የሚለው ጥሪ ሌላ መልክ አለው። በፍርሃት ነው የሚሠራው። “የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ታግዷል፤ ቴክሳስ ውስጥ በስምዎ የተከራየ መኪና ላይ አደንዛዥ ዕፅ ተገኝቷል” ይላል። ወይም “ከኢሚግሬሽን ነው፤ ፋይልዎ ላይ ስሕተት ስላለ ዛሬ ካልከፈሉ ይባረራሉ”። ስልኩን እንዳይዘጉ፣ ለማንም እንዳይናገሩ ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ በአቅራቢያዎ ካለ ሱቅ የስጦታ ካርድ ገዝተው፣ ጀርባውን ፍቀው ቁጥሩን እንዲያነቡለት ያዝዛል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የዩኤስሲአይኤስ የደንበኞች መስመር ራሱ፣ 800-375-5283፣ በሌቦች ተመስሎ ስለተደወለበት መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ተገዷል። ስለዚህ ቁጥሩን ጉግል ላይ ፈልገው ትክክል ሆኖ ቢያገኙትም ምንም አላረጋገጡም።

እውነታው ይህ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይታገድም፤ እንዲህ ያለ አሠራር የለም። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ግብር አለብህ ሲል በመጀመሪያ በፖስታ ይጽፋል። የኢሚግሬሽን ጉዳይም የሚሄደው በኖቲስና በኦንላይን አካውንትዎ ነው። ዲቪ ደርሶሃል ብሎ የሚደውል የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛም የለም፤ ዕጣው የሚታየው አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ሲያይ ብቻ ነው። በስጦታ ካርድ ክፍያ የሚቀበል መሥሪያ ቤት የለም።

የእኛ ችግር ይሉኝታ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለሥልጣን ነኝ ባለ ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ለብዙዎቻችን ድፍረት ይመስላል፤ ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ሰው ደግሞ በመዝጋቱ ፋይሉ የሚበላሽ ይመስለዋል። አይበላሽም። “አመሰግናለሁ፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ” ብሎ መዝጋት ነውርም ወንጀልም አይደለም፤ እውነተኛ ሠራተኛ ከሆነ አይቆጣም። መልሰው ሲደውሉ ደዋዩ የሰጠዎትን ቁጥር ወይም በጥሪ ዝርዝር ላይ የቀረውን አይጠቀሙ። ከባንክ ካርዱ ጀርባ ወይም ቤትዎ ካለው ደብዳቤ ላይ ያለውን ይደውሉ። ሰርች ሲያደርጉ ከላይ የሚወጡት ማስታወቂያዎችም የሌባ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ።

ድምፅ ማመንም ቀርቷል። በፌብሩዋሪ 2024 የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ድምፅ ያለ ፈቃድ በሚላኩ አውቶማቲክ ጥሪዎች ላይ ሕገ ወጥ መሆኑን ወስኗል፤ ሌባ ግን ውሳኔ አይጠብቅም። “እማዬ፣ አደጋ ደርሶብኝ ታስሬያለሁ” የሚል የልጅ ድምፅ ሲመጣ የሚጠየቅ አንድ የቤተሰብ ጥያቄ ከወዲሁ ይስማሙ። ፌስቡክ ላይ ያልወጣ ነገር ይሁን፤ የአያት ላም ስምም ቢሆን ያገለግላል።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ቲሞባይል ከሆኑ #662# ብለው ሲደውሉ ማጭበርበሪያ ተብለው የተለዩ ጥሪዎች በነፃ ይታገዳሉ፤ ኤቲኤንድቲና ቬራይዘንም የየራሳቸው ማጣሪያ አፕ አላቸው። አይፎን የማይታወቁ ቁጥሮችን ዝም የሚያሰኝ ማስተካከያ አለው። እሱን ከማብራትዎ በፊት ግን የጠበቃዎን፣ የሐኪምዎንና የትምህርት ቤቱን ቁጥር መዝግበው ይያዙ፤ ያልተመዘገበ ሁሉ በቀጥታ ወደ ቮይስ ሜይል ስለሚሄድ። ቮይስ ሜይል ሳያስተካክሉ ዓመታት የሚቆዩ ብዙ ናቸው። በራስዎ ድምፅ ይቅዱት፣ የይለፍ ቁጥርም ያውጡለት፤ የይለፍ ቁጥር በሌለው መስመር ላይ ሌባው የእርስዎን ቁጥር አስመስሎ ደውሎ መልእክትዎን ሊሰማ ይችላል። የተቀዳ ድምፅ “ከዝርዝራችን ለመውጣት 2ን ይጫኑ” ቢል አይጫኑ፤ መጫንዎ መስመሩ ሕያው መሆኑን ይነግራቸዋል። የማጭበርበሪያ ቴክስት ሲመጣ ወደ 7726 ያስተላልፉት።

“ዱ ኖት ኮል” የተባለው የፌዴራል መዝገብ ከ2003 ጀምሮ አለ። ከሚመዘገበው ስልክ ወደ 888-382-1222 መደወል ነው፤ ነፃ ነው፣ ጊዜውም አያልፍበትም፣ የሻጮች ጥሪ እስኪቆም ግን እስከ 31 ቀን ሊወስድ ይችላል። የፖለቲካ፣ የበጎ አድራጎትና የጥናት ጥሪዎችን አይከለክልም፤ ሌባን ደግሞ ጨርሶ አያስቆምም። ያም ሆኖ ይመዝገቡ፤ ከዚያ በኋላም ሊሸጥልዎ የሚደውል የማያውቁት ድርጅት ሕግ ጥሶ የመጣ መሆኑን ያውቃሉ።

አንዳንዴ ነገሩ ይገለበጣል፦ የማያውቁት ሰው ደውሎ “ለምን ትደውልብኛለህ?” ብሎ ይቆጣል። የእርስዎን ቁጥር አስመስለው ደውለውበታል ማለት ነው። በትሕትና ያስረዱት። ሌቦቹ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋውጡ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይቆማል፤ ቁጥር መቀየር አያስፈልግም።

ገንዘብ ከሄደ ፍጥነት ነው የሚጠቅመው። ለባንኩ ወዲያው ይደውሉ፤ ዜል በተባለው የገንዘብ መላኪያ ራስዎ የላኩት ገንዘብ መመለሱ አስቸጋሪ ነው፣ ቢሆንም ያመልክቱ። የስጦታ ካርድ ከሆነ ካርዱንና ደረሰኙን ይዘው ለካርዱ ኩባንያ ያሳውቁ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን ሰጥተው ከሆነ በክሬዲት መዝጋቢዎቹ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፒርያንና በትራንስዩኒየን ክሬዲትዎን ያስዘጉ፤ ከ2018 ጀምሮ በነፃ ነው። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ877-382-4357 ደውለው ሪፖርት ያድርጉ፤ በሌላ ቋንቋ ለመናገር 3ን ይጫኑ።

እናት ወይም አባትዎ በቅርብ ከአገር ቤት መጥተው ከሆነ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ እነሱ ያደርጉታል ብለው አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ስልካቸውን ተቀብለው ማጣሪያውን ያብሩላቸው፣ “ዱ ኖት ኮል” መዝገቡ ላይ ያስገቧቸው፣ የቤተሰቡንም ጥያቄ ይንገሯቸው።