የአሮጌ ሃይሉክስ ካምቢዮ ሲቀየር

አምስተኛ ማርሽ በራሱ እየወጣ፣ ሁለተኛ ሲገባ እየጮኸ ያስቸገረ አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ (ባለ 2.4 ሊትር 2ኤል ወይም ባለ 2.8 ሊትር 3ኤል ሞተር) ላይ ካምቢዮውን ከፍቶ ከመጠገን ያገለገለ ገዝቶ መቀየር ብዙ ጊዜ ይቀላል። ከባዱ ማውረዱ አይደለም፤ መልሶ ማስገባቱ ነው።

ከተቻለ አሮጌውን አውርደው ያገለገለ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይዘው ይሂዱ። ቁመቱን፣ የእግሩን ቦታና የፊት ዘንጉን ጥርሶች ብዛት ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ የአራት በአራቱና የሁለት ጎማ ነጂው አይገጣጠሙም። ሁሉንም ማርሽ አንድ በአንድ አስገብተው ዘንጉን በእጅ ያዙሩ። የዘይት መሙያውን ከፍተው ጣት ይስደዱ፤ የብረት ፍርፋሪ ከወጣ ሻጩ የፈለገውን ቢምልም ይተዉት።

ለማውረድ ባትሪውን ይንቀሉ፤ የፊት ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርገው መኪናውን በካቫሌቶ ያቁሙ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አይገባም። ዘይቱን ከመድፋትዎ በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱን ያረጋግጡ፤ ደፍተው መሙያው እምቢ ቢል መኪናው እዚያው ይቀራል። ጋቢና ውስጥ የማርሹን ጎማ አንሥተው፣ የዘንጉን ክዳን ወደ ታች ተጭነው ወደ ግራ ያዙሩትና ማርሹን ይሳቡት። ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ትራንስሚሽን ሲፈቱ መጋጠሚያውን በቀለም ምልክት ያድርጉበት። የታችኛዋን የፍሪሲዮን ፖምፓ ቱቦዋን ሳይፈቱ ወደ ጎን ይሰሯት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ፣ ፒስተኗ ትወጣለች። ሞተሪኖውን፣ የኪሎሜትሩን ገመድና የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦውን ያላቅቁ።

ሞተሩን በእንጨት ደግፈው የካምቢዮውን እግር ሲፈቱ ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ላይ ያሉት ቡሎኖች በረጅም ማራዘሚያ የሚደረስባቸው ያኔ ነው። የራዲያተሩን ቱቦዎችና ፋኑን ግን ይመልከቱ። ካምቢዮውን በሁለት ሰውና በክሪክ ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡ።

እዚህ የደረሰ ሰው የፍሪሲዮን ሸራ፣ ስፒንጂዲስኮና ኩሽኔታ ሳይቀይር መግጠም የለበትም፤ ያንኑ ጉልበት በቅርቡ ደግሞ ይከፍላል። ቮላኖው ላይ ስንጥቅ ወይም የተቃጠለ ሰማያዊ ምልክት፣ ከኋላውም የዘይት ልቀት መኖሩን ይዩ። የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታም አይርሷት። ሸራውን በማማከያ ወይም በአሮጌው ዘንግ መሐል አስይዘው የስፒንጂዲስኮውን ቡሎኖች በመስቀለኛ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ።

አሁን ትዕግሥት ይጠይቃል። ካምቢዮውን ማርሽ ውስጥ አስገብተው ከሞተሩ ጋር በአንድ መስመር ይግፉ፤ ቢቆም የኋላ መውጫውን በእጅ ጥቂት አዙረው ጥርሱን ያስገጥሙ። ክብደቱ በሸራው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ፣ ሸራው ይጣመማል። ሁለቱ ፒኖች ገብተው ክፍተቱ በእጅ ግፊት ሳይዘጋ ደግሞ በቡሎን አይጎትቱ፤ ቤቱ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው።

የቀረውን በፈቱበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይግጠሙ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ሳለ 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 ዘይት ከመሙያው ቀዳዳ እስኪፈስ ይሙሉ። የኋላ ጎማዎቹ አየር ላይ እንዳሉ ሁሉንም ማርሽ ይሞክሩ፣ የኋላ ማርሽ መብራቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ አጭር መንገድ ሄደው ተመልሰው ከሥር ጠብታ ይፈልጉ።