የጊታር ሥዕል ትምህርት በሮዝዌል ሮድ

ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። በትምህርቱ የሒሳብ አያያዝ ሰው፣ በሥራው ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ በፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ያም ሆኖ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ ያወጣው ስትራቶካስተር፣ ዛሬም "ኤሌክትሪክ ጊታር" ሲባል በብዙ ሰው ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ቅርጽ ነው። ሰውየው ምን አደረገ? የሚጫወቱትን ጠጋ ብሎ አያቸው። የቀድሞው ጊታር ጠርዝ ጎናቸውንና ክንዳቸውን እንደሚጎዳቸው ሲነግሩት ሰማቸው። ከዚያም ሆድ የሚነካበት፣ ክንድ የሚደገፍበት ቦታ ተላገ፤ እንጨቱ ለሰው ገላ ተመቸ። መስመሩን በንድፍ በማውጣት የረዳው ፍሬዲ ታቫሬዝ የተባለ የሃዋይ ተወላጅ ሙዚቀኛ ነበር።

ይህን ያነሳሁት እዚህ ሳንዲ ስፕሪንግስም ሆነ በመላው የአትላንታ አካባቢ ካሉ ወገኖቼ "እኔ ለመሳል አልተፈጠርኩም" የሚለውን ንግግር ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። በኮምፒውተር የተሳለ፣ ፎቶግራፍ የሚመስል ጊታር ያያሉ፣ "ተሰጥኦ ነው" ይላሉ፣ ያልፋሉ። ተሰጥኦ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን የቬክተር ሥዕል የእጅ መንቀጥቀጥን ይቅር ይላል፤ ያላስተዋለ ዓይንን ነው ይቅር የማይለው። ማስተዋል ደግሞ ይለመዳል።

ቬክተር ማለት መስመሩ በሒሳብ የሚሰላ ሥዕል ነው። ጥቂት ነጥቦች ትተክላላችሁ፤ ከየነጥቡ የሚወጣውን እጀታ ስትስቡት መስመሩ ይታጠፋል። በዚህ የተነሳ ያው ሥዕል በቢዝነስ ካርድ ላይም ሆነ በሕንፃ ግድግዳ ላይ ቢታተም ጠርዙ አይደበዝዝም። የእነዚህ ኩርባዎች ታሪክ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ስማቸው የሚጠራበት ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ ሬኖ ፋብሪካ ውስጥ የሠራባቸው የመኪና አካል ለመንደፍ ነው። ፌንደር በበኩሉ አንዳንድ ጊታሮቹን የሚቀባው በመኪና ቀለም ነበር፤ ፊየስታ ሬድ የሚባለው ቀይ ከፎርድ፣ ሌክ ፕላሲድ ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ከካዲላክ የመጡ ናቸው። ኩርባውም ቀለሙም ከመኪና መጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጣችሁ የምትውሉ፣ ሮዝዌል ሮድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዛችሁ የምትሰለቹ ወገኖቼ፣ ትምህርት ቤታችሁ ፊታችሁ ቆሟል። መብራቱ እስኪለቃችሁ ድረስ ከፊት ያለችውን ጥቁር መኪና እዩዋት። ጥቁር ናት እንላለን እንጂ ጣሪያዋ ላይ ያለው ሰማይ ነው፤ ጎኗ ላይ ያለው አስፋልትና ዛፍ ነው። ሰማዩና ምድሩ የሚገናኙበት መስመር ደግሞ የጠራ ነው፣ አይዋልልም። ከሀይዌይ 285 የሚታዩትን፣ ሰው ንጉሡና ንግሥቲቱ የሚላቸውን ሁለት ፎቆችም ጠዋትና ማታ አስተያዩ፤ መስታወታቸው ያው ሆኖ ቀለሙ ይለያያል።

የጊታር ድልድይና መቃኛ ክሮም ናቸው፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈውም እዚያ ነው። ግራጫ ይቀባል፣ ቀስ እያደረገ ወደ ነጭ ያሸጋግረዋል፣ ውጤቱ ፕላስቲክ ይመስላል። ክሮም ግን እንደዚያች መኪና ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚያሳየው። ድፍን ጥቁር አድርጉ፣ እዚያው አጠገቡ ደማቅ ነጭ አድርጉ፣ በመካከላቸው ሽግግር አታስገቡ። ከዚያ የታችኛው ጠርዝ ላይ ከጊታሩ አካል የተንጸባረቀ ትንሽ ቀይ ወይም ቡናማ ጣል አድርጉበት። ብረቱ ወዲያው እንጨቱ ላይ ያርፋል።

ከማየት ቀጥሎ መለካት ነው፤ እዚህ ላይ ግምት አያዋጣም። የስትራቶካስተር ክር ከአንገቱ ጫፍ እስከ ድልድዩ 648 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንገቱ ላይ በአግድም ከሚተኙት ቀጫጭን ብረቶች (ፍሬቶች) የመጀመሪያው የት እንደሚያርፍ ለማወቅ 648ን ለ17.817 አካፍሉት፤ 36.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 አካፍሉ፤ ሁለተኛው ፍሬት ከመጀመሪያው 34.3 ሚሊ ሜትር ይርቃል። እንዲህ እያለ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። 12ኛው ፍሬት የክሩ ርዝመት ልክ እኩሌታ ላይ፣ 324 ሚሊ ሜትር ላይ ይወድቃል። ጊታር የሚጫወት ሰው ፍሬቶቹ በእኩል ርቀት የተደረደሩበትን ሥዕል ሲያይ ለምን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ "ይህ ጊታር አይደለም" ይላችኋል።

ስለ ሰንበርስት ቀለም ትንሽ ልቆይ፤ ውበቱ ብዙ ሰው የሚያስቀናው፣ አሠራሩ ብዙ ሰው የሚያባርረው እሱ ነው። መጀመሪያ መሃሉ ቢጫ፣ ዳሩ ጥቁር ነበር፤ በ1958 በመካከል ቀይ ገባ። ክብ ግራዲየንት (የቀለም ሽግግር) ብትጠቀሙ አይሆንም፤ ጊታሩ ቀንድና ወገብ ያለው እንጂ ክብ አይደለምና። የአካሉን ቅርጽ ሁለት ጊዜ ቅዱ፣ ቅጂዎቹን አንዱን ከሌላው አብልጣችሁ ወደ ውስጥ አጥብቧቸው፣ ቀዩን ከሥር ቢጫውን ከላይ አድርጉ፣ የየቅጂውን ጠርዝ አደብዝዙ። ጥቁሩ ዳርዳሩን ተከትሎ ይሄዳል። ሜሽ ግራዲየንት የሚባለው መሣሪያ የበለጠ ይራቀቃል፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም፣ ነጥቦቹ ሲበዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

ክሮቹን አትናቁ። በተለመደው ስብስብ ቀጭኑ ክር 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ 1.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱ ወፍራሞች በሽቦ የተጠመጠሙ ስለሆኑ ጥቃቅን ሰረዝ ያስፈልጋቸዋል። ለስድስቱም ጥላ ስጧቸው፤ ጥላው አንገቱ ጫፍ ላይ ከክሩ ጋር ይጣበቅ፣ ወደ አካሉ ሲወርድ ራቅ ይበል፤ ክሩ ከፍ እያለ ነውና የሚሄደው። ከሥዕሉ ሁሉ ትንሹ ሥራ ይህ ነው፤ ሕይወት የሚዘራበትም እሱ ነው።

ለምን ጊታር? ስለሚመለከተን ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ለኤሌክትሪክ ጊታር ብዙ ዕዳ አለበት። አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር "እረ መላ መላ"ን ቀረጸ፤ ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ስንት ድምፃዊ አጅቧል። የዚያን ዘመን ድምፅ ልጆቻችን ይሰሙታል፤ መሣሪያውን የሚያሳያቸው ሥዕል ግን ከእኛ እጅ ሲወጣ አላይም። ለኮንሰርት ፖስተር የማንም ያልሆነ ጊታር ከኢንተርኔት ሲለጠፍ ሳይ ልቤ ያዝናል፤ መሥራት የሚችል ሰው በመካከላችን እንዳለ አውቃለሁና። ጊታሩን የቻለ ክራሩን አይፈራም፤ እንጨቱም ጥላውም ያው ነው።

ገንዘብ እንቅፋት አይሁንባችሁ። ኢንክስኬፕ የሚባለው የቬክተር መሳያ ፕሮግራም ነጻ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ከበዙባችሁ የፉልተን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ሳንዲ ስፕሪንግስ ቅርንጫፍ ውስጥ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ አለ። ጊዜ የለኝም ለምትሉም መልስ አለኝ፦ ጊታር ተከፋፍሎ የሚሳል ነገር ነው። ስድስት መቃኛ የሚያስፈራው ሰው አንዱን ብቻ በደንብ ይሳል፤ አምስቱ ቅጂ ናቸው። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም ሦስት ናቸው፣ አንዱ ሲያልቅ ሁለቱ አለቁ። ከፈረቃ ደክሞ የገባ ሰው በአንድ ምሽት አንድ መቃኛ ይጨርሳል። ለመሸጥ ስታስቡ ግን የፋብሪካውን ስምና አርማ አትሳሉ፤ የፌንደር ጊታር የራስ ቅርጽም የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። ራሱን በራሳችሁ መስመር ንደፉት።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ፕሮግራሙን ክፈቱ። 648 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ቀጥተኛ መስመር አስምሩ፣ እኩሌታው ላይ 12ኛውን ፍሬት ትከሉ፣ ፋይሉን አስቀምጡ። ነገ ከመጀመሪያው ፍሬት ትቀጥላላችሁ።