የወንድ የደጋ አጋዘንና የወንድ ቆርኬ ጠባይ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተለው ጥያቄ ላይ ተወያዩ፦ ሁለት ወንድ የዱር እንስሳት ሲፎካከሩ የግድ ይዋጋሉን?

ምንባብ

ቀንድ ያለው እንስሳ ሁሉ ዘወትር የሚዋጋ ይመስለናል። የወንድ አጋዘንን አኗኗር በቅርብ የተከታተሉ ተመራማሪዎች የተገነዘቡት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቀንድ ከመውጊያነቱ ይልቅ የኃይል መግለጫ ሆኖ የሚያገለግልበት ጊዜ ይበዛል።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር አይገኝም። ዋነኛ መኖሪያው የባሌና የአርሲ ተራሮች ናቸው። ሪቻርድ ላይደከር የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሳይንሳዊ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1910 ነበር። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ የተጠማዘዘ ረጅም ቀንድም አለው። ሴቷ ግን ቀንድ የላትም።

ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር በመንጋ ይኖራሉ። ለአካለ መጠን የደረሱት ወንዶች አንዳንዴ ብቻቸውን፣ አንዳንዴም ከሌሎች ወንዶች ጋር ሆነው ይዘዋወራሉ፤ በመራቢያ ወቅት ወደ ሴቶቹ መንጋ ይጠጋሉ። ወንዱ የደጋ አጋዘን ወሰን ከልሎ የሚጠብቀው መሬት የለውም። ስለዚህ ፉክክሩ ስለ መሬት ሳይሆን ስለ ማዕረግ ነው። ሁለት እኩያ ወንዶች ሲገናኙ የአንገታቸውንና የጀርባቸውን ጠጉር ያቆማሉ፤ የጭራቸውን ጠጉር ይነሰንሳሉ፤ አንዱ በሌላው ዙሪያ በዝግታ ይራመዳል። በዚህ ጊዜ ግዝፈታቸው ከወትሮው በልጦ ይታያል። ከሁለቱ አንዱ አቅሙን መዝኖ ካፈገፈገ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ይህም ፍርሃት ሳይሆን ብልሃት ነው፤ የቆሰለ እንስሳ ለነብርና ለጅብ ይጋለጣልና።

የቆርኬ ሥርዓት ደግሞ ሌላ ነው። ከሻሸመኔ በስተምዕራብ በሚገኘው የሰንቀሌ መጠለያ የሚኖረው ወንድ ቆርኬ የራሱን ግዛት ይይዛል። በኩይሳ ወይም በጉብታ ላይ ቆሞ አካባቢውን ይቃኛል፤ ወሰኑንም በበጠጡ ያመለክታል። ሌላ ወንድ ወሰኑን አልፎ ሲገባ ሁለቱ በፊት ጉልበቶቻቸው ተንበርክከው በቀንድ ይቆላለፋሉ። ግዛት ያላገኙት ወንዶች በአንድነት ተሰባስበው ይኖራሉ።

እንግዲህ ሁለቱም ዓይነት ሥርዓት የሚጸናው በቂ ሥፍራ ሲኖር ነው። የተረታው ወንድ በሰላም የሚያፈገፍገው ሄዶ የሚሰማራበት ሌላ መስክ ካለው ነው። እርሻ፣ መንደርና የከብት ግጦሽ በየአቅጣጫው ሲስፋፉ ይህ መስክ ይጠባል። ከዚህም በላይ ወንዱን የደጋ አጋዘን በአቻዎቹ ዘንድ የሚያስከብረው ቀንዱ ለአዳኝ ዒላማ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በመንግሥት ለውጥ ጊዜ በባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ብዙ የደጋ አጋዘኖች ተገድለው ነበር። በኋላ ጥበቃው ሲመለስ ቁጥራቸው እንደገና አንሰራራ። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የእነዚህ እንስሳት ሥርዓት ሳይፈርስ የሚቆየው ሰው የራሱን ወሰን ሲያውቅ ነው።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ወንድ የደጋ አጋዘን የሚፎካከረው ስለ ምንድን ነው? ወንድ ቆርኬስ?
2. ማፈግፈግ «ፍርሃት ሳይሆን ብልሃት» የተባለው ለምንድን ነው?
3. የመኖሪያ ሥፍራ መጥበብ የእንስሳቱን ሥርዓት እንዴት ሊያውክ ይችላል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
እኩያ፣ ማዕረግ፣ አፈገፈገ፣ ኩይሳ፣ አንሰራራ

ሐ. በአካባቢያችሁ ከሚገኙት እንስሳት የአንዱን ወንድ ጠባይ ተመልክታችሁ ያያችሁትን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።