ትንቢትን ስናነብ

በሰበታ ካቶሊካውያን፣ ኦርቶዶክሳውያንና ወንጌላውያን ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቡናም አብረው ይጠጣሉ። ይህን ወዳጅነት አንዳንድ ጊዜ የሚያቀዘቅዘው ስለ አንድ የትንቢት ቃል የሚነሣ ክርክር ነው። እንግዲህ ትንቢትን እንዴት እናንብብ?

የንግሥት ህንደኬ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ መንገዱን ያሳየናል (ሐዋ. 8፥26-40)። የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ፊልጶስን ጠየቀ፤ ሹመቱ ከመጠየቅ አላገደውም።

እኛም አስቀድመን ነቢዩ በዘመኑ ለነበሩት ምን እንዳላቸው እንጠይቅ። በኢሳይያስ 7፥14 ያለው ምልክት በመጀመሪያ የተነገረው ጦርነት ላስጨነቀው ለንጉሥ አካዝ ቤት ነው፤ ማቴዎስ ደግሞ (1፥22-23) ፍጻሜውን በክርስቶስ ያሳየናል። ሁለቱ አይጣሉም። የአገራችን ሊቃውንትም በአንድምታ ትርጓሜ «አንድም» እያሉ የአንዱን ቃል ልዩ ልዩ ምሥጢር ጎን ለጎን ያኖራሉ።

ይህ ሲባል ግን ትርጉም ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ የጸሐፊውን አሳብና የአነጋገሩን ዓይነት፣ የመላውን መጽሐፍ አንድነትና የቤተ ክርስቲያንን ሕያው ትውፊት እንድንመለከት ያስተምረናል።

ፊልጶስ በመንገድ ዳር ቆሞ አልተከራከረም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከጃንደረባው ጋር ተቀመጠ። እኛም ለጎረቤታችን መልስ ከመስጠታችን በፊት አጠገቡ ተቀምጠን ጥያቄውን እንስማ።